ተንጠልጥዬ የከረምኩበት በጋ

ጥቅምት 12

እኔ እንደሻው ነኝ። የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው የጓሮዋ ክፍል ተከራዬ ዕፀገነት ናት። አስተማሪ ናት። ፊደሉ እሷ ጋ ነው፣ ነገሩ እኔ ጋ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ጊደር መጋላ ገበያ በጫኝና አውራጅነት ስኖር በትከሻዬ ያለፈውን እህል የተማረውም ያልተማረውም በልቶታል።

ይህ ደብተር የእኔ ሐሳብ አይደለም፤ ያዘዘችኝ ዋፊቃ ናት። ወገቤን ያየው ሐኪም፣ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፣ ወደዚች ልጅ ሂድ ብሎ ላከኝ። የጀጎል ልጅ ናት። የሰውነት ማፍታታት ሕክምና ተምራ፣ ዱባይ ሠርታ መጥታ፣ ሸዋ በር ከቅመም ሱቁ በላይ ፎቅ ተከራይታለች። ደረጃውን እያቃሰትኩ ወጣሁ። ከጣሪያው ብረት ላይ ሰፋፊ ጨርቆች ተንጠልጥለዋል፣ ሴቶች እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቀውባቸዋል። ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ ልመለስ ስል ዋፊቃ ደርሳ ያዘችኝ። የወንዶች ሰዓት ሌላ ነው፣ እናቴም ትቀመጣለች፣ አይሳቀቁ አለች። የወንዶች ሰዓት ያለችው እኔን ብቻ ነው። ሌላ ወንድ የለም።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ። ወገብዎ እንዴት እንደዋለ፣ እንቅልፍዎ እንዴት እንደነበረ፣ ሆድዎን የባሰው ነገር ካለ፣ በየጊዜው ያጽፉ።

ሆዴን አይብሰውም አልኳት።

«እሱንም ያጽፉት» አለች።

የመጣሁበትን ልናገር። በየጥምቀቱ ታቦታችን ሲወጣ ድባቡን የምይዘው እኔ ነኝ። አባቴም ይዞታል። ያ ጥላ ከባድ ነው፣ ንፋስ ሲመታው ደግሞ እንደ በሬ ይጎትታል። ዘንድሮ የደብሩ ሽማግሌዎች ጠርተውኝ፣ ጋሽ እንደሻው ይረፉ፣ ሳህሉ ይያዘው አሉኝ። ሳህሉ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ልቡን አላውቅም። ከጥምቀት በፊት ቀጥ ብዬ እቆማለሁ አልኳቸው። ተያዩ።

ወገቤ የታጠፈው በሐምሌ ነው። ባለቤቴ የሺ ያረፈችው በሰኔ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም።

ጥቅምት 14

ወገብ ያማል። እንቅልፍ ትንሽ። ሆድ ምንም።

ጥቅምት 20

ዛሬ ተቀመጥኩበት። ጨርቁ እንደ ዥዋዥዌ ነው፣ ግን ይለጠጣል፣ ሰውን ያቅፋል። ዋፊቃ ቢስሚላህ በሉ አለችና ወዲያው አፏን ይዛ፣ እርስዎ የራስዎን ይበሉ አለች። በስመ አብ ብዬ ተቀመጥኩ። እናቷ ጥግ ላይ ሆና ሳቀች።

እግሬ ከመሬት ለቀቀ። እኔ ሌላውን ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እኔን ያነሳኝ የለም። አልወደድኩትም። እጆቼ ጨርቁን አንቀው ያዙ። ይልቀቁት፣ አይጥልዎትም አለች። የማይጥል ነገር አላውቅም አልኳት። እሷም፣ ታዲያ ዛሬ ይወቁ ብላ ጀርባዬን በመዳፏ ገፋ አደረገችው። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። የሞትኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የተፈታ ነገር ነበር።

ስወርድ ደረጃውን ሳላቃስት ወረድኩ። የቅመም ሱቁ ሰውዬ፣ አባባ ምን አጠጣችዎት አለኝ። 

ጥቅምት 28

የጫኝነት ገመዴ ከጓዳ ጠፋ። አሮጌ ነው፣ ግን የእኔ ነው። ዕፀገነትን ብጠይቃት አላየሁም አለች። ዛሬ መብራቷ ተበላሽቶ ላስተካክል ክፍሏ ብገባ ከአልጋዋ ሥር ተጠቅልሎ አየሁት። ለምን ወሰድሽው አልኳት። ለልብስ ማስጫ አለች። ማስጫ እኮ ግቢው ውስጥ ተዘርግቷል። የተማረ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ይደናገራል። ይህንንም ጻፊው ብያት ጽፋዋለች፤ ፊቷ ግን ቀላ።

ገመዱን ወስጄ ቦታው መለስኩት።

እንቅልፍ ያው ነው። ወንበር ላይ ነው የማድረው። አልጋው ለአንድ ሰው በጣም ሰፊ ነው፣ ይበርዳል። ዋፊቃ አልጋ ላይ ይተኙ፣ ወንበሩ ነው ወገብዎን ያጠፈው አለች። ስለ አልጋው ምን ታውቃለች።

ኅዳር 6

ተዘቀዘቅሁ።

ልጅቱ ዝም ብላ አላዘቀዘቀችኝም። መጀመሪያ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ደም ግፊቴን እንድለካ አደረገችኝ፤ ይፈቀድለታል የሚል ወረቀት ካላመጡ አላዞርዎትም አለች። አመጣሁ። ጨርቁን ወገቤ ላይ አጠበቀች፣ እግሮቼን ጨርቁ ላይ ጠመጠመች፣ ራሷ ትከሻዬን ደግፋ ቀስ ብላ ለቀቀችኝ። ዓለም ተገለበጠች። በመስኮቱ የሸዋ በር ሚኒባሶች ከላይ፣ ሰማዩ ከታች። ደሙ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ከዚያ ጸጥ አለ። እውነቱን ልናገር፣ በውስጤም ጸጥ አለ። ከሰኔ ወዲህ የሚንጫጫ ነገር ነበር፤ የለም።

ከዓይኔ ውኃ ወረደ። ወደ ግንባሬ ነው የወረደው፣ ተዘቅዝቄ ስለነበር። ዋፊቃ ስታየኝ፣ ከደሙ ግፊት ነው አልኳት። አዎ፣ አንዳንዴ ያደርጋል አለች። ጥሩ ልጅ ናት።

ቀና ስል ማሻአላህ፣ የሃያ ዓመት ልጅም እንዲህ አይሆንለትም አለች። ይህንን በደንብ ጻፊው።

ኅዳር 12

የሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ሳህሉ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ባዶውን የጥላ ዘንግ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። እየተለማመደ ነው። ሲያየኝ ዘንጉን ግድግዳ ላይ አስደገፈው፣ እንደ ሌባ። ያዘው፣ ክንድህን ወደ ጎንህ ሰብስበው፣ አለዚያ ያምሃል አልኩት። ለምን እንዳስተማርኩት እኔም አላውቅም።

ጎረቤቴ እልፍነሽ ከሴቶቹ ጋር ቆማ፣ እንደሻው እኮ እስላሞቹ ቤት ጨርቅ ላይ ይንጠለጠላል፣ ደህና ነው ትላላችሁ ስትል ሰማሁ። አንደኛው ጆሮዬ አይሰማም። ሌላው ግን የእልፍነሽን ድምፅ ከድሬዳዋም ይሰማል።

ኅዳር 19

ዋፊቃ ቤትዎ እንዳይሰቅሉ ብላኛለች። ብረቱ የተለካ ነው፣ ጨርቁ የተፈተነ ነው፣ ብቻዎን አይሆንም ብላለች። እኔ ግን ጭነት በማሰር ያረጀሁ ሰው ነኝ። መዘቅዘቅ አላማረኝም። ያማረኝ መጨረሻ ላይ የምታስደርገኝ ነው፤ ጨርቁን ዘርግተሽ ሙሉ ሰውነትሽን ውስጡ አስተኝተሽ ዝም ማለት። እሱ ያማረኝ ለሌሊቴ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የየሺን ቡልኮ ከሳጥኑ አወጣሁ፣ አጠፍኩት፣ ግራና ቀኝ በገመዴ አሰርኩት። የትኛው አግዳሚ እንጨት እንደሚችለኝ መፈተሽ አላስፈለገኝም። ከነሐሴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ዕፀገነት እዚህ ላይ መጻፍ አቆመች። ምን አቆመሽ አልኳት። እስክሪብቶው ነው አለች። እስክሪብቶው ግን ይጽፋል።

ከዚያ ለመነችኝ። አባባ፣ ያውርዱት፣ እኔ ልሞትልዎት። አላወርድም አልኩ። እንግዲያው እኔ ቤት ስኖር ብቻ ይሁን አለች። እሺ አልኳት፣ በአፌ።

ኅዳር 25

ዛሬ ረጅም ነው። እጅሽን አሳርፊና ጀምሪ።

ዕፀገነት ትምህርት ቤት ነበረች። ከምሳ በኋላ ወገቤ ከበደኝና ቡልኮው ውስጥ ገባሁ። እግሮቼ ረጅም ናቸው፣ ከጉልበቴ በታች ውጪ ቀሩ። ቡልኮውን ፊቴ ላይ መለስኩት። ከዚያ በኋላ አላውቅም። ተኛሁ። ከሰኔ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም ብል ውሸት አይደለም፤ ያ ግን እንቅልፍ ነበር።

የነቃሁት በጥሩምባ ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነው፣ የሳህሉን አነፋፍ አውቀዋለሁ፣ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ማን ይሆን ምስኪን አልኩ። እንደተማርኩት ቀስ ብዬ፣ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ ጭንቅላቴ እስኪረጋ ቁጭ ብዬ ወረድኩ። ጋቢዬን ለበስኩ፤ ለቅሶ መቅረት አልወድም። በሩን ስከፍት ሳህሉ ከነጥሩምባው ደጄ ላይ ቆሟል። ከኋላው ሰው ሞልቷል። ወጣቶቹ የእድሩን አግዳሚ ወንበር ተሸክመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«ሳህሉ፣ ማን ሞተ?» አልኩት።

ጥሩምባው ከእጁ ወደቀ። 

«እርስዎ» አለ።

ወሬውን የጀመረችው እልፍነሽ ነበረች። ወንፊት ልትመልስ መጥታ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ከእንጨቱ ላይ ነጭ ነገር ወርዶ፣ እግሬ አየር ላይ። አልቀረበችም። ወንፊቱን ጥላ፣ ታነቀ፣ ታነቀ እያለች መንገድ ለመንገድ ሮጠች። ሳህሉም ገብቶ ሳያይ ጥሩምባውን አነሳ። እግርህን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ትላለች እስከ አሁን። እግሬማ ሁሌም አለ አልኳት።

ወንበሩን ካመጣችሁት አይቀር ቁጭ በሉ አልኳቸው። ተቀመጡ። ምን ያድርጉ። ያለኝን ቆሎ አቀረብኩ። እኔ ስቄያለሁ፤ እነሱ ግን አልሳቁም። እኔን ያላየ አንድ ሰውዬ ከአጥሩ ወዲያ ለጓደኛው፣ ከሰኔ ጀምሮ ይህንን ስንፈራ ነበር እኮ ሲል ሰማሁ። ሌላውም፣ አዎ፣ በየተራ በበሩ ስናልፍ ነበር አለ።

ምን ሲፈሩ እንደነበር አልገባኝም። ክረምቱን ሙሉ ግን ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በደጄ ሲያልፍ ሰላም ሳይለኝ ያለፈበት ቀን የለም። ሰው ሥራ ፈትቷል ብዬ ነበር።

ዕፀገነት ከትምህርት ቤት ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። ስታየኝ ግቢው መሃል ቁጭ አለች።  ይህንን ስትጽፍም አፍንጫዋን እየሳበች ነው። ብቻዬን አልገባበትም ብያት ነበር። ያንን ማድረግ አልነበረብኝም። በቃ፣ ብያለሁ።

ኅዳር 26

ወገብ ደህና። እንቅልፍ የለም። ዕፀገነት ቡልኮውን አውርዳ አጥባ አሰጣችው። የየሺ ሽታ ነበረው። እሷ ምን ታውቃለች።

ኅዳር 28

ከተማው ሁለት ሆኗል። ግማሹ እልፍነሽ ዓይኗ ፈዟል ይላል። ሌላው ደግሞ ሳህሉ ደርሶ ባይቆርጠው አልቆለት ነበር ይላል። ሳህሉ አልቆረጥኩም ይላል፣ የሚሰማው የለም።

የደብሩ ሽማግሌዎች የድባቡን ነገር ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ኤልሳዕ መርተውታል። ነፍሱን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው ከታቦት ጎን አይቆምም ተብሏል። ወገቤ ዳነ ስል እዚህ ያዙኝ።

ታኅሣሥ 2

ልጄ ጽጌ ከድሬዳዋ መጣች። የነገረቻት ዕፀገነት ናት። ሻንጣ ይዛለች፣ ባዶ ሻንጣ። ባዶ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው ሞልቶ ሊሄድ ነው። ልብሴን ልትወስድ ነው፣ እኔን አብራ።

ሙሉ ቀን ቤቱን ጠረገች፤ ያልቆሸሸውን። እኔን ሳታይ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ባቡሩ አወራች። ማታ ራት ላይ እንጀራውን ቆርሳ በእጇ ይዛ ቀረች።

«አባዬ፣ እኔ ልጅህ ነኝ። እውነቱን ንገረኝ። ያን ቀን ምን ልታደርግ ነበር?»

«ልተኛ» አልኳት።

«አባዬ»

«ያ ቡልኮ የእናትሽ ነው» አልኳት። «በእናትሽ ቡልኮ ማን ይሞታል?»

አለቀሰች። ተነሥቼ ራሷን ያዝኩት። ልጅ ሆና እንኳ ይህን ያህል ይዤያት አላውቅም፤ ሥራ ነበረብኝ። ሻንጣው እስከ ጥምቀት ጥግ ይቁም ተባብለናል።

ታኅሣሥ 5

ዋፊቃ ተቆጣች። ድምፅዋን አላነሳችም፣ እሱ ባሰ። ቤትዎ አይስቀሉ አላልኩም? እኔ ያስተማርኩዎ እንዲኖሩ ነው እንጂ ሰፈር እንዲያስለቅሱ ነው? አለች። ከሴቶቹ ገሚሶቹ ቀርተዋል፤ እናቶቻቸው የመታነቂያ ቤት ነው ብለው ከልክለዋቸዋል። የፎቁ ባለቤትም እያጉረመረመ ነው። ልጅቱ እንዲህ የሚወራባት በእኔ ነው። ወላሂ ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር አለች። አንገቴን ደፋሁ። ለሰው አንገት ስደፋ ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው ለቄስ ነው።

ታኅሣሥ 9

እልፍነሽን ወሰድኳት።

የአፏን ጥፋት አፏ ይመልሰው ብዬ ነው። ከቤቷ ጀምሮ ስትራገም፣ ደረጃው ላይ ስትራገም፣ ጽጌና ዕፀገነት ከኋላ እየገፏት ወጣች። መጀመሪያ እኔ ተሰቀልኩ። ተቀመጥኩ፣ ተለጠጥኩ፣ በዋፊቃ ድጋፍ ተዘቀዘቅሁ። ተዘቅዝቄም፣ እልፍነሽ፣ አንገቴን እይው፣ ጨርቁ የት ነው ያለው አልኳት። ወገብህ ላይ ነው አለች። በይ እንግዲህ ለከተማው ንገሪ አልኳት።

ከዚያ ጨርቁ ዝቅ ተደረገላትና ተቀመጠች። በስመ አብ፣ በእንተ ማርያም፣ ያላለችው የለም። ዋፊቃ በቀስታ አወዛወዘቻት። እልፍነሽ ዝም አለች። እኔ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም። ዓይኗን ጨፈነች። ቆየችና፣

«አንተ ሽማግሌ» አለችኝ፣ «ይህን ያህል እንደሚጥም አትነግረኝም?»

የዋፊቃ እናት ስፌቷን ጥላ ሳቀች። ጽጌ ሳቀች። ጽጌ እንዲህ ስትስቅ እናቷን ትመስላለች፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ታኅሣሥ 17

ሴቶቹ ተመለሱ፣ ሌሎችም ተጨመሩ። እልፍነሽ ደረጃው ሥር ቆማ ነው የምትጠራቸው። የፎቁ ባለቤት ዝም ብሏል። ዋፊቃ ሰላም ትለኛለች፣ ቡልኮውን ግን አልረሳችም።

አልጋዬ ላይ ተኛሁ። ጠርዙ ላይ።

ታኅሣሥ 21

አባ ኤልሳዕ መጣ። ክርስትና ሲነሳ አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም መስቀሉን እሳለማለሁ። ጽጌና ዕፀገነት ወጡልን። ጋሽ እንደሻው፣ ኅዳር ላይ የሆነውን አውቄያለሁ፣ እልፍነሽ ራሷ ነግራኛለች አለ። ጥሩ፣ እንግዲያው ድባቡን ስጡኝ አልኩት።  ወደ ላይ፣ ወደ አግዳሚው እንጨት ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ።

«የኅዳሩን አይደለም የምጠይቅዎት» አለ። «የነሐሴውን ነው።»

ለፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም ነበር። እሱ መጥቶ በሬን ሲመታ አልከፈትኩም ነበር።

የመለስኩለት ለዚህ ደብተር አይደለም። መሸብን፣ መብራት አላበራንም። ሲወጣ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አቆይቶ ያዘው። ደጅ ላይ ለጽጌ፣ አባትሽ ድባቡን ይይዛል፣ ሳህሉ ከጎኑ ይሄዳል አላት።

ራት ሁለት ሰሃን በላሁ።

ታኅሣሥ 29

ገና። ሥጋ በላን። ዋፊቃ ከእናቷ ጋር እንኳን አደረሰዎት ልትል መጣች። ወገብ ደህና። እንቅልፍ ደህና። ሆድ፣ አንዳንዴ ይብሰዋል። ያጽፉት ስላለች ነው ያስጻፍኩት።

ጥር 9

ዛሬ በባዶ ዘንጉ ከሳህሉ ጋር ተለማመድን። ንፋስ ሲመጣ በጉልበትህ ሸብረክ በል እንጂ በወገብህ አትቋቋመው አልኩት። እሱም፣ ጋሽ እንደሻው፣ ጥሩምባውን ይቅር ይበሉኝ አለ። ጥሩ ነው የነፋኸው፣ መጨረሻው ላይ ግን ትንፋሽህ ይቆረጣል፣ ዋፊቃ ዘንድ ሂድ አልኩት።

ጽጌ ሻንጣውን ከጥግ አንሥታ ከፈተችው። ባዶ ነው። ለልጆቿ በርበሬና ሽሮ ሞላችበት።

ጥር 10

ያዝኩት። ከደጀ ሰላሙ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ። እልፍነሽ እልልታዋን ጆሮዬ ሥር ለቀቀችው፣ በሚሰማው በኩል። ሽማግሌዎቹ አይተውኛል። ቀጥ ብዬ ነበር።

ጥር 11

ዕፀገነት፣ ቁጭ በይ፣ ይህንን ጨርሰሽ ተኚ።

ዛሬ ታቦቱ ሲመለስ ድባቡን ይዤ ተነሳሁ። ወገቤ አልደከመም፤ ይህንን ከሥሩ አስምሪበት። ንፋስ ነበረ፣ እሱም አልጣለኝም። ሕዝቡ በሙሉ አይቶኛል፣ ማንም ጋሽ እንደሻው ደክሟል ሊል አይችልም። መንገዱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ወደ ሳህሉ ዞርኩና ያዝ አልኩት። ደነገጠ። አመመዎት? አለ። አላመመኝም፣ ያዝ አልኩት። ያዘ። ክንዱን ወደ ጎኑ ሰበሰበ።

እኔ ዝግ አልኩ። ካህናቱ አለፉኝ፣ መዘምራኑ አለፉኝ፣ ወንዶቹ አለፉኝ። ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ሆንኩ፣ ጽጌ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። አባዬ፣ ምን ሆንክ፣ ለምን ሰጠኸው አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ድባቡ ከሰው ሁሉ በላይ ነው፣ ወርቃማው ዘርፍ ይንቀጠቀጣል፣ ፀሐይ በጨርቁ ውስጥ አልፋ ቀይ ሆናለች። ዕድሜ ልኬን ከሥሩ ነበርኩ፤ ከሥሩ የሚታየው ዘንጉና የጨርቁ ውስጥ ብቻ ነው። እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የሺ በየዓመቱ ከኋላ ነበር የምትሄደው። ማታ እግሬን በሙቅ ውኃ እያጠበች፣ ዛሬ እንዴት ያምር ነበር ትለኝ ነበር። እኔም ከባድ ነበር እላታለሁ፤ ሌላ አልላትም።

«ምንም አልሆንኩም» አልኳት ጽጌን። «ልየው ብዬ ነው።»